ባቡር በአዲስ አበባና ጉለሌ

ጉለሌ በእንጦጦ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኝ የሰሜን አዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ነው። ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ሐዲዱ ከጉለሌ በታች ቀርቷል። ጉለሌ ዳገታማ ነው፤ የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ታሪክም ገና ከመነሻው ከዳገት ጋር የተደረገ ትግል ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የሥራውን ፈቃድ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ሰጡ። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ መጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሰበቃው አነስተኛ በመሆኑ በሜዳ ከባድ ጭነት ያለ ድካም ይጎትታል፤ ዳገት ሲገጥመው ግን ይንሸራተታል። ሐረርን ከከበበው ተራራ ጋር መታገሉ ወጪው ስለከበደ መስመሩ በቆላው በኩል አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከአገራችን ታላላቅ ከተሞች አንዷን የወለደው ተራራው ነው ማለት ይቻላል።

ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ከስሮ ሥራው ለዓመታት ቆመ። በአዲስ ኩባንያ ቀጥሎ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ግን በ1906 ዓ.ም. ስላረፉ፣ ያን ያህል የደከሙለትን ባቡር በመዲናቸው ለማየት አልታደሉም።

ሐዲዱ የ1 ሜትር ስፋት ነበረው። ሲራራ ነጋዴው በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅበት የነበረው መንገድ ወደ 3 ቀን አጠረ። ባቡሩ የሚጓዘው ቀን ቀን ብቻ ስለነበር ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ ሌላውን ድሬዳዋ ያድር ነበር። የአዲስ አበባው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የጣሊያን ጦር ሲቃረብ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። በመስመሩ ላይ ከደረሱት አደጋዎች የከፋው በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ከ400 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው ነው፤ በአፍሪካ የባቡር ታሪክም ከአስከፊዎቹ ይቆጠራል።

በእርጅና የደከመውን መስመር የተካው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የከተማው ቀላል ባቡር ከቃሊቲ ተነስቶ ሥራ ጀምሯል። የሰሜኑ ጫፍ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። በጉለሌ የሽሮ ሜዳና የአዲሱ ገበያ ነዋሪ ባቡር ለመሳፈር በታክሲ ወይም በእግሩ ቁልቁል ወደዚያ ይወርዳል።