የማኅፀን በር ካንሰርና ኤች.አይ.ቪ፤ ዘግይቶ የተሰማ የሴቶች ሕመም

በኋላ ኤድስ የተባለው በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1981 ሲሆን፣ ሕሙማኑም በሎስ አንጀለስ ባልተለመደ የሳንባ ምች የተያዙ አምስት ወጣት ወንዶች ነበሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት በአሜሪካ የወጡት ይፋዊ የበሽታው ትርጓሜዎችም በአብዛኛው በወንዶች ላይ ከታየው ተነሥተው የተቀረጹ ናቸው። ሴቶች ወደ ሐኪም ይዘውት የሚቀርቡት ሕመም ግን ሌላ ነበር፤ ታክሞ የሚመላለስ የብልት ካንዲዳ፣ የማያቋርጥ ፈሳሽ፣ በማኅፀን በር ላይ የሚታይ የሴል ለውጥ። እነዚህ ከዝርዝሩ ውጭ ስለነበሩ ብዙ ሴቶች «ኤድስ የለብሽም» ተብለው ለሕሙማን የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ተነፍገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሴቶችና ደጋፊዎቻቸው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤትና ወደ አደባባይ አወጡት። በ1993 ትርጓሜው ሲሻሻል የተስፋፋ የማኅፀን በር ካንሰር ኤድስን ከሚያመለክቱ በሽታዎች አንዱ ሆነ፤ የሚመላለስ የብልት ካንዲዳና የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ለውጥም ከኤች.አይ.ቪ ጋር የተያያዙ ሕመሞች ተብለው ተመዘገቡ።

የግንኙነቱ ምክንያት በሌላ በኩል እየተገለጠ ነበር። ጀርመናዊው ሐራልድ ዙር ሐውዘን በ1983 እና በ1984 ከማኅፀን በር ካንሰር ውስጥ የፓፒሎማ ቫይረስ 16ኛና 18ኛ ዓይነቶችን ለይቶ አሳወቀ፤ ለዚህም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አብዛኞቹ ሴቶች ይህን ቫይረስ በራሳቸው የመከላከል አቅም ያስወግዱታል። ኤች.አይ.ቪ ያዳከመው ሰውነት ግን ስለሚሳነው ቫይረሱ ሥር ይሰዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ኤች.አይ.ቪ ያለባቸው ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ ይበልጣል።

የብልት ልክፈቶች ድርሻስ ምንድን ነው? ካንዲዳ ራሱ ካንሰር አያመጣም። ሆኖም ዶደርላይን በ1892 የገለጻቸው፣ ብልትን አሲዳማ አድርገው የሚጠብቁት ባክቴሪያዎች ሲመናመኑና ሌሎች ሲተኳቸው፣ ፓፒሎማ ቫይረስ ሳይወገድ የመቆየቱ ዕድል እንደሚጨምር ጥናቶች ያመለክታሉ።

በአገራችን የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠቱ የብዙ እናቶችን ዕድሜ አራዝሟል። ካንሰሩ ግን በዝግታ፣ ዓመታት ወስዶ የሚያድግ በመሆኑ በተራዘመው ዕድሜ ውስጥ ሊደርስባቸው ይችላል። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው የፓፒሎማ ክትባት ለመጪው ትውልድ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ለእናቶቻቸው ግን አልደረሰም። የእነርሱ መዳኛ ወቅታዊ ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ኤች.አይ.ቪ ያለባቸው ሴቶች ምርመራውን ከ25 ዓመታቸው እንዲጀምሩና በፓፒሎማ ቫይረስ ምርመራ ከሆነ በየ3 እስከ 5 ዓመት እንዲደግሙት ይመክራል።

እዚህ ላይ ያለፈው ታሪክ ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች የሚያስተምረው አለ። ፈሳሽ አስቸግሯት የመጣችን ሴት በምልክቱ ብቻ መድኃኒት ሰጥቶ ማሰናበት የተለመደ ነው። ሕመሟ ሊሻላት ይችላል፤ የማኅፀን በሯ ግን ሳይታይ ይቀራል። ሽታ ያለው ፈሳሽም ሆነ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም የካንሰሩ የራሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ትናንት ሴቶችን የጎዳው የሕመማቸው ከዝርዝር ውጭ መቅረት ነበር። ዛሬ ዝርዝሩ ተስተካክሏል፤ በስፔኩለም ገልጦ ማየትና ለምርመራ መላክ ግን የእያንዳንዳችን እጅ ሥራ ነው።