እስከ ድዱ ጠርዝ ድረስ

በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት፣ በብሪጅፖርት ከተማ ይሠራ የነበረው የጥርስ ሐኪም አልፍሬድ ፎንስ በ1906 እ.ኤ.አ. ዘመዱም ረዳቱም ለነበረችው ለአይሪን ኒውማን የጥርስ እጥበት ማስተማር ጀመረ። ሐሳቡን ያገኘው ከፊላደልፊያው ሐኪም ከዲ. ዲ. ስሚዝ ነው። ስሚዝ የታካሚ ጥርስ በየጊዜው በደንብ ከታጠበ አይበላሽም ብሎ ይሟገት ነበር። ችግሩ ግን ሲቦረቡር፣ ሲሞላና ሲነቅል የሚውል ሐኪም ለእጥበት ጊዜ የሌለው መሆኑ ነው። የፎንስ መልስ ሥራውን ለሌላ የሠለጠነ እጅ መስጠት ነበር።

ፎንስ የጥርስ ንጽሕና ትምህርት ቤቱን በኅዳር 1913 የከፈተው ከክሊኒኩ አጠገብ ባለ ጋራዥ ውስጥ ነው። አስተማሪዎቹ ግን ከዬል፣ ከሃርቫርድና ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር የመጡ ነበሩ። ከተማሪዎቹ መካከል መምህራን፣ ነርሶችና የጥርስ ሐኪሞች ሚስቶች ነበሩ። በሰኔ 1914 ሃያ ሰባት ሴቶች ተመረቁ፤ ኒውማንም አንዷ ነበረች።

ፎንስ እነዚህን ሴቶች ያሰባቸው በዋነኛነት ለግል ክሊኒክ አልነበረም። በዚያው ዓመት በብሪጅፖርት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሥራ ጀመሩ። የሕፃናቱን ጥርስ በቀጭን እንጨትና በፑሚስ ዱቄት ፈትገው ያጸዳሉ፤ ክፍል ገብተው ብሩሽ አያያዝ ያለማምዳሉ፤ ለወላጆች የሚላክ ጽሑፍም ነበር። ከዓመታት በኋላ የወጣው ዘገባ የልጆቹ የጥርስ መቦርቦር መቀነሱን ያበሥራል። ዘገባውን ያቀረበው የሥራው መሥራች ራሱ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማንበብ ይሻላል።

ለሙያው ቅርጽ የሰጠው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከጋራዡ ይልቅ የ1915ቱ የኮኔቲከት ሕግ ነው። ሕጉ የጥርስ ንጽሕና ባለሙያዋ በሚታየው የጥርስ ገጽ ላይና ልክ ከድዱ ጠርዝ ሥር የተጋገረውን ጠጣር ቆሻሻና እድፍ እንድታነሳ ፈቀደ፤ ከዚያ ያለፈ ማንኛውንም ሥራ ከለከለ። የምትሠራውም በጥርስ ሐኪም ቢሮ ወይም በተቋም ውስጥ፣ በሐኪም አጠቃላይ ቁጥጥር ሥር ነው። እንዲህ በሚሊሜትር የተለካ ሙያ ብዙ አይገኝም። በ1917 ኒውማን የመጀመሪያዋ ባለፈቃድ ሆነች። በ1923 የባለሙያዎቹ ብሔራዊ ማኅበር ክሊቭላንድ ውስጥ ተመሠረተ፤ ወንዶችን በአባልነት ለመቀበል ግን እስከ 1960ዎቹ ቆየ።

ከጊዜ በኋላ አብዛኞቹ ባለሙያዎች ከትምህርት ቤት ይልቅ በግል ክሊኒክ ተቀጠሩ። ከዚያ ወጥቶ ወደ ላይ ለመሄድ ጥቂት መንገድ ነበር። የጥርስ ንጽሕና ባለሙያዋ አስቴር ዊልኪንስ ከቦስተኑ የፎርሳይት ትምህርት ቤት በ1939 ተመረቀች፤ ቆይታ ራሷ የጥርስ ሐኪም ሆነች፤ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሙያውን ትምህርት ክፍል አቋቋመች፤ በ1959 ያሳተመችው መማሪያ መጽሐፍም እየታደሰ ትውልድ አስተማረ። የእሷ ዕድገት መምህርነትና ሐኪምነት ነበር፤ ባለሙያዋ በሙያዋ ራሷን ችላ እንድትሠራ የሚፈቅድ በር አልነበረም።

በሩን ከከፈቱት ግዛቶች አንዷ ኮሎራዶ ናት። በ1986 የወጣው ሕጓ ባለሙያዋ ያለ ሐኪም ቁጥጥር የራሷን ክሊኒክ እንድትከፍት ፈቀደ። ሚኒሶታ ደግሞ በ2009 ጥርስ ቦርቡሮ መሙላት የሚችል፣ በሐኪምና በጥርስ ንጽሕና ባለሙያ መካከል የሚቆም አዲስ እርከን ፈጠረች። በዚህ እርከን የሚሠሩት በዋነኛነት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውንና ሕክምና የማይደርሳቸውን ሰዎች እንዲያገለግሉ ሕጉ ያስገድዳል።