ለደጋ አጋዘን አደን የሚዘጋጅ ጠመንጃ

የደጋ አጋዘን በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ የዱር እንስሳ ሲሆን፣ በዋናነት በባሌና በአርሲ ተራሮች ይኖራል። በሕግ መሠረት የዱር እንስሳትን ማደን የሚቻለው በፈቃድ ብቻ ነው።

ወንዱ አጋዘን እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ስለሚችል፣ ጥይቱ ዘልቆ የመግባት አቅም ሊኖረው ይገባል። የጠመንጃው ሰደፍ ከአዳኙ ክንድ ርዝመት ጋር መመጣጠን አለበት። የእንጨት ሰደፍ በዝናብና በጉም ርጥበት ሊያብጥና አፈሙዙን በመግፋት ዒላማ ሊያስት ስለሚችል፣ ርጥበት የማያሳልፍ ቀለም ይቀባል፤ አለዚያም በፕላስቲክ ነክ ሰደፍ ይተካል።

ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። በዚህም ምክንያት በዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ጠመንጃ ከሩቅ ሲተኮስ ጥይቱ ከታለመለት ነጥብ ከፍ ብሎ ሊያርፍ ይችላል። የማነጣጠሪያ መነጽሩም በጉዞ ላይ በሚደርስበት ግጭት ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ አዳኙ አደን ከመጀመሩ በፊት እዚያው ደጋው ላይ በወረቀት ዒላማ ተኩሶ መነጽሩን እንደገና ማስተካከል ይኖርበታል።

ይህ ሳይደረግ የተተኮሰ ጥይት አጋዘኑን አቁስሎ ወደ ጫካ ይሰደዋል። ቆስሎ ያመለጠው እንስሳ ተሠቃይቶ ይሞታል፤ ለመጥፋት የተቃረበው ዝርያም አንድ ይጎድልበታል።