በሽታን የማሳወቅ ግዴታና የታካሚ መረጃ አያያዝ

ማንኛውም የጤና ተቋም፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ በሕግና በአሠራር መመሪያ የተለዩ በሽታዎችን ሲያገኝ ወይም ሲጠረጥር ለሚመለከተው የጤና አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ግዴታው የባለሙያው ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 ተላላፊ በሽታ በአካባቢው መከሰቱን ያወቀ ማንኛውም ሰው በአቅራቢያው ለሚገኝ የጤና ተቋም ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ ደንግጓል።

ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ አባ ሰንጋ፣ ቢጫ ወባ፣ የእብድ ውሻ በሽታና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ አስቸኳይ ሪፖርት ከሚደረግባቸው መካከል ናቸው። ለእነዚህ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም፤ ጥርጣሬው በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ቀጣዩ እርከን ይተላለፋል። ወባ፣ ታይፎይድ፣ ታይፈስና ማጅራት ገትር ግን ከሰኞ እስከ እሑድ ተቆጥረው በየሳምንቱ ይላካሉ። በሳምንቱ አንድም ታማሚ ያላገኘ ተቋም «ዜሮ» ብሎ ያሳውቃል፤ ዝምታ ከጤንነት ጋር እንዳይምታታ ነው።

ወላጆች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ፣ ምክንያቱ ምንም ይምሰል፣ ለጤና ባለሙያ ሊነገር ይገባል። ልጁ ፖሊዮ እንደሌለበት ለማረጋገጥ ሕመሙ በጀመረ በ14 ቀናት ውስጥ፣ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙናዎች ይወሰዳሉ። ሁለተኛው ናሙና መጠየቁ የመጀመሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የሚያስቸግረው በቤት ውስጥ ሕክምና ሲሞከር ቀኑ ማለፉ ነው።

«ስሜ ይወጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሳምንታዊው ሪፖርት በአብዛኛው የቁጥር ድምር ነው። አስቸኳይ ሪፖርት በሚደረግባቸው በሽታዎች ግን ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና ሕመሙ የጀመረበት ቀን ይመዘገባል፤ ያለዚህ ከታማሚው ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ማግኘት አይቻልም። መረጃው ለሥራው ከሚያስፈልጋቸው ባለሙያዎች ውጭ ለጎረቤት፣ ለአሠሪም ሆነ ለመገናኛ ብዙኃን አይሰጥም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መድቦታል።

ጥቆማ ለመስጠት የበሽታውን ስም ማወቅ አያስፈልግም። በአንድ መንደር ብዙ ሰዎች ተመሳሳይ ሕመም ከታየባቸው፣ ቦታውንና ቀኑን ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በነፃ የስልክ መስመር 8335 ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መናገር በቂ ነው።