ካባው ከመከፈቱ በፊት

በደቡብ ፊንላንድ፣ በታምፔሬ ከተማ ዙሪያ የተዘረጋው የፒርካንማ ክልል ዐለት ዕድሜው 1.9 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋል። በክልሉ የሚገኘው አርሰኒክ የተባለው መርዝም የዚያው ዐለት ነው፤ ፋብሪካ አላመጣውም፣ ገበሬ አልረጨውም። ከ1943 እስከ 1966 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዚያው ክልል፣ በዩሎያርቪ መዳብና ተንግስተን ሲወጣ፣ አርሰኒክ የሚሸከመው አርሰኖፓይራይት አብሮ ይወጣ ነበር። የማዕድን ማውጫው ሲዘጋ ዝቃጩ እዚያው ቀረ።

ሕዝቡን ያስደነገጠው ግን ውኃው ነው። በ1990ዎቹ፣ ዐለት ተበስቶ ከተቆፈሩት የግል ጉድጓዶች አንዳንዶቹ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 ለመጠጥ ውኃ ካስቀመጠው በሊትር 10 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ ተገኘባቸው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ጠጪው በምን ይወቀው?

የድንጋይ ካባው ጣጣ ደግሞ በሌላ በር ገባ። ፊንላንዶች ለመንገድና ለኮንክሪት የሚሆን ጠጠር ይዝቁ የነበረው የበረዶ ዘመን ከከመራቸው ጉብታዎች ነው። ጉብታዎቹ ግን የከርሰ ምድር ውኃ ማከማቻ ናቸው። እነሱን ለማዳን ሲባል ፈንጂና ክሬሸር ወደ ዐለቱ ዞሩ። ውኃ ለማዳን የተጀመረ ሥራ ሌላ የውኃ ሥጋት ወለደ። ያልተነካ ዐለት አርሰኒኩን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲፈጭ ግን አየርና ዝናብ የሚያገኘው ገጽ እጅግ ይበዛል፣ አርሰኖፓይራይቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይፈርሳል፣ አርሰኒኩም በውኃ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያሰጋው ደቃቁ ብናኝ ነው።

በ2007 የወጣው የፊንላንድ ደንብ በኪሎ አፈር ከ5 ሚሊግራም በላይ አርሰኒክ ከተገኘ ቦታው ይገምገም ይላል። በፒርካንማ ግን ማንም ያልነካው አፈር ራሱ ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ደንቡ የተፈጥሮው መጠን ከፍ ባለበት ቦታ ያንኑ መጠን መነሻ ያደርጋል። ይህን ማላላት የሚሉ ይኖሩ ይሆናል፤ እኔ ግን ማስተዋል እለዋለሁ፤ አለዚያ ተፈጥሮ ራሷ ተከሳሽ በሆነች ነበር።

ከ2011 እስከ 2014 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተካሄደው አስሮክስ የተባለው ፕሮጀክት ለካባ ሥራ መመሪያ አወጣ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ ዐለቱ ሳይፈነዳ ናሙናው ይመርመር፣ የካባው ውኃ ይለካ፣ አርሰኒክ የበዛበት ጠጠር ከጉድጓድ ውኃ ይራቅ።

ምንጩ ቢለያይም፣ በእኛ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥም ከፍሎራይድ ጎን አርሰኒክ መኖሩ በጥናት ታውቋል። የካባ ፈቃድ የምትሰጡ ባለሥልጣናት ሆይ፣ የድንጋዩን ጥንካሬ ስታስመረምሩ በውስጡ ያለውንም አስመርምሩ።