ሱዳንን የከፈላት ዘር ነውን? የ1972ቱ የአዲስ አበባ ስምምነት ሲመረመር

መጋቢት 18 ቀን 1964 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1972) የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ሱዳን አማፅያን አዲስ አበባ ላይ የሰላም ስምምነታቸውን አጸደቁ። ከ1955 ጀምሮ ሲነድ የቆየ ጦርነት በዚህ ስምምነት ቆመ። (ከላይ ዓ.ም ከተባለው በቀር የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ሱዳን በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው ማብራሪያ፣ ሰሜኑ ዐረብና ሙስሊም፣ ደቡቡ ጥቁር አፍሪካዊና ክርስቲያን ስለሆነ ሁለቱ ከመጀመሪያውም አብረው መኖር አይችሉም ነበር የሚል ነው። ይህ ማብራሪያ ለመናገር ይቀላል፤ ማንንም በስም ተጠያቂ አያደርግም። የአዲስ አበባው ስምምነት እንዴት እንደተሠራና እንዴት እንደፈረሰ ለተመለከተ ግን ሌላ ነገር ይታያል። እነዚህ ሕዝቦች አሥራ አንድ ዓመት ያህል ልዩነታቸውን እንደያዙ በአንድ ሕግ ሥር ኖረዋል። ወደ እሳቱ የመለሳቸው ሥልጣን፣ መሬትና ሕግ ተመልሰው በአንድ ማዕከል፣ በመጨረሻም በአንድ ሰው እጅ መግባታቸው ነው።

ይህን ማለት የቁስሉን ጥልቀት ማቃለል አይደለም። በ1821 የግብፁ ገዥ የሙሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ከያዘ በኋላ ደቡቡ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ማደኛ ሆነ። ከካርቱም የሚነሡ ነጋዴዎች በእሾህ አጥር የተከበቡ ምሽጎች እያቆሙ መንደሮችን ዘረፉ፤ ከእነሱም አል ዙበይርን የመሰሉት የራሳቸውን ጦር አሰልፈው እንደ ንጉሥ ገዙ። በዚህ ንግድ የሰሜን ሱዳን ሰዎች፣ ግብፃውያን፣ ቱርኮች፣ አውሮፓውያንም ተሳትፈውበታል። ደቡቡ ግን ያስታወሰው አጠገቡ የቀረውን ጎረቤቱን ነው። ይህን ትዝታ የሚያሽር መንገድ ሲፈለግ ኋላ አገሪቱን የገዙት እንግሊዞች የባሰ አደረጉት። በ1922 ባወጡት የዝግ አካባቢዎች ደንብ ሰሜናዊው ያለ ፈቃድ ወደ ደቡብ እንዳይገባ ከለከሉ፤ በ1930 ደግሞ የዐረብኛ ቋንቋንና የሰሜን ነጋዴዎችን ከደቡብ የማራቅ ፖሊሲ አወጁ፤ ትምህርቱንም ለሚሲዮኖች ተዉት። በ1947 የጁባ ጉባኤ ሰሞን ሐሳባቸውን ቀይረው ሁለቱን አንድ አገር ለማድረግ ወሰኑ። አንድ ትውልድ እንዳይተዋወቅ በሕግ ከተለያየ በኋላ፣ አለመግባባቱ የደም ጠባይ ነው ማለት የአስተዳደርን ሥራ በተፈጥሮ ማሳበብ ነው።

ነፃነቱ ሲቃረብ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ይናገራል። በ1954 እንግሊዞች የለቀቋቸው 800 ያህል የመንግሥት ሥራዎች ለሱዳናውያን ሲከፋፈሉ ለደቡብ ሰዎች የደረሷቸው 6 ብቻ ነበሩ። ደቡቡ የሰጋው ጌታ መቀየሩን ነው፤ ቁጥሩም ስጋቱን ትክክል አደረገው። በነሐሴ 1955 ቶሪት የሰፈረው የደቡብ ጦር ወደ ሰሜን ሂድ ቢባል አመፀ፤ በዚያ አመፅ አብዛኞቹ ሰሜናውያን የሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ተገደሉ። ይህ ግፍ በማንኛውም በደል አይመካኝም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የደቡብ ተወካዮች ለነፃነቱ ድምፅ የሰጡት የፌዴሬሽን ጥያቄያቸው እንደሚታሰብበት ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ቃሉ ግን ተበላ። በ1958 ሥልጣን የያዘው የጄኔራል ዐቡድ መንግሥት የደቡቡን የዕረፍት ቀን ከእሑድ ወደ ዓርብ አዞረ፤ በ1964 የውጭ ሚሲዮናውያንን አባረረ። አኛኛ የተባለው የሽምቅ ጦር ጫካውን የሞላው በዚህ ጊዜ ነው።

የ1972ቱ ስምምነት ክብር ያለው እነዚህን ጉዳዮች አንድ በአንድ አንሥቶ በሕግ መልስ ስለሰጣቸው ነው። የካርቱምን ልዑካን የመሩት አቤል አሊየር ራሳቸው የቦር ዲንካ ናቸው፤ የአማፅያኑ መሪ ደግሞ ጆሴፍ ላጉ ነበሩ። መካከላቸው ሆነው ያነጋገሩት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሲሆኑ፣ የሠራዊቱ ነገር ድርድሩን አንቆ ሲይዘው አፄ ኃይለ ሥላሴ ገቡበት። በመጨረሻም በደቡቡ የሚሰፍረው 12,000 ጦር 6,000 ከደቡብ፣ 6,000 ከሌላው አካባቢ እንዲሆን ተስማሙ። ደቡቡ ጁባ ላይ የራሱን ምክር ቤትና አስፈጻሚ አገኘ። ዐረብኛ የአገሪቱ ቋንቋ ሆኖ ሳለ እንግሊዝኛ የደቡቡ ዋና የሥራ ቋንቋ ሆነ፤ የ1973ቱ ሕገ መንግሥት ከእስልምና ጎን ክርስትናን ጠቀሰ፣ የአባቶችን እምነት ማዋረድንም ከለከለ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ቀያቸው ተመለሱ። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ የዲንካው፣ የባሪው፣ የዛንዴው ሰው ገበያ ላይ ሲገናኝ የሚነጋገረው በጁባ ዐረብኛ ነበር። ደቡቡ የጠላው ቋንቋውን ቢሆን ኖሮ በገዛ ፈቃዱ የራሱ ባላደረገው ነበር። የጠላው በትእዛዝ መምጣቱን ነው።

ይህን ስምምነት የሚያጣጥሉ ሰዎች፣ ሁሉም የፈረመው ለጥቅሙ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ካርቱም ለኤርትራ ተዋጊዎች መጠጊያ ትሰጥ ስለነበር ኢትዮጵያ ለድርድሩ የደከመችው ለጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ ለአኛኛ የእስራኤል መሣሪያ ይደርሰው ነበር፤ በሐምሌ 1971 ከኮሚኒስቶች መፈንቅለ መንግሥት ለጥቂት ያመለጡት የሱዳኑ መሪ ኒሜሪም አዲስ ደጋፊ ይሹ ነበር። ይሁን እንጂ በጥቅም የተጀመረ ሰላም ሕግ ሆኖ ከጸና ሰላም ነው። ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ደቡቡ የሚወዳደርበትና የሚከራከርበት ምክር ቤት ሲያገኝ፣ ካርቱም ግን የአንድ ሰው አገዛዝ እንደሆነች ቀረች። የዴሞክራሲ ደሴት በአምባገነንነት ባሕር መካከል ብዙ አይቆምም።

ማፍረሱ የተጀመረው ዘይት ሲገኝ ነው። በ1978 ሼቭሮን ቤንቲዩ አጠገብ ነዳጅ አገኘ፤ በ1980 ካርቱም የዘይቱን ምድር ወደ ሰሜን የሚያዞር የወሰን ካርታ ልታጸድቅ ሞከረች። ማጣሪያውም ከጉድጓዱ አጠገብ መሠራቱ ቀርቶ ሰሜን ላይ ይሁን ተባለ። በዚያው በ1978 መቆፈር የጀመረው 360 ኪሎ ሜትር የጆንግሌይ ቦይ የሱድን ረግረግ ውሃ ለሰሜኑና ለግብፅ የሚያደርስ ሲሆን፣ ከብቱን በዚያ መስክ የሚያሰማራው አርብቶ አደር ግን ስለ ኑሮው የጠየቀው አልነበረም። በሰኔ 1983 ኒሜሪ ደቡቡን በአዋጅ ሦስት ቦታ ከፈሉት። ስምምነቱ እንዲሻሻል ከብሔራዊው ምክር ቤት የሦስት አራተኛ፣ ከደቡቡ መራጭ ደግሞ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ሁለቱም አልተጠየቁም። በመስከረም የወጡት የሸሪዓ ሕጎች የተከተሉት ከዚህ በኋላ ነው፤ ሁለተኛውን ጦርነት የጀመሩት፣ ቦር ላይ የሰፈሩት የደቡብ ወታደሮች ያመፁት ደግሞ ከአዋጁ በፊት፣ በግንቦት ነበር። እንግዲህ ሃይማኖቱ የጦርነቱ መነሻ ነው የሚለው ቅደም ተከተሉን አያይም።

በርግጥ ደቡቡም ንጹሕ አይደለም። ክፍፍሉን ከደገፉት አንዱ ስምምነቱን የፈረሙት ላጉ ራሳቸው ናቸው፤ የኢኳቶሪያ ሰዎች የዲንካን የበላይነት ፈርተው ነበር። የሰሜንና የደቡብ ልዩነት በሌለበትም ደም ፈሷል። በታኅሣሥ 2013 ነፃይቱ ደቡብ ሱዳን እርስ በርስ ስትፋጅ በመካከሏ ዐረብ አልነበረም። በ2003 ዳርፉር ሲቃጠል ገዳይም ተገዳይም ሙስሊም ነበር። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ እርስ በርስ ውጊያ የከፈቱት የመንግሥቱ ሠራዊትና የፈጥኖ ደራሹ ጦርም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ አንድ ሃይማኖት ይከተላሉ። በሌላ በኩል የመስከረሙን ሕጎች በመቃወማቸው በጥር 1985 ካርቱም ላይ የተሰቀሉት ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ ሙስሊም ምሁር ናቸው፤ የደቡቡን አማፅያን መሪ የጆን ጋራንግን ንቅናቄ ተቀላቅለው የኑባን ተራሮች ትግል የመሩት ዩሱፍ ኩዋም እንዲሁ ሙስሊም ነበሩ። ጋራንግም ኢትዮጵያ ላይ ተመሥርተው ሲታገሉ በይፋ የጠየቁት መገንጠልን ሳይሆን ሁሉንም እኩል የምታይ አዲስ ሱዳንን ነበር።

ሁለተኛው ጦርነት ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ከበላ በኋላ፣ የጥር 2005ቱ ስምምነት ከፊተኛው ስህተት የተማረ ይመስል ነበር፤ ለደቡቡ የራሱን ሠራዊትና ከደቡቡ ነዳጅ ገቢ ግማሹን ያህል ሰጠ። በጥር 2011 ከመራጩ 98.83 በመቶው መለያየትን መረጠ። ዕጣው ያልተወሰነ አንድ ቦታ ግን አሁንም አለ። የ1972ቱ ስምምነት በባህልና በአቀማመጥ የደቡብ አካል የሆኑ አካባቢዎች ዕጣቸውን በሕዝበ ውሳኔ እንዲወስኑ ይፈቅድ ነበር፤ የንጎክ ዲንካና የሚሲሪያ ዐረብ አርብቶ አደሮች የሚጋሩት አብዬ ዋነኛው ነው። ያ ሕዝበ ውሳኔ በኒሜሪ ዘመን አልተካሄደም። የ2005ቱ ስምምነትም ደግሞ ቃል ገባለት፤ በጥር 2011 ደቡቡ ድምፅ ሲሰጥ ግን የአብዬ ሣጥን ሳይቀርብ ቀረ። ሚሲሪያዎች በበጋ ከብታቸውን ወደ ደቡብ ነድተው በንጎክ መሬት ያጠጣሉ፤ የሁለቱ ወገን አለቆችም የግጦሹንና የደም ካሣውን ነገር ለብዙ ዘመን በሽምግልና ሲጨርሱ ኖረዋል። መሬቱ የማን ነው የሚለውን ግን እንዲወስኑ እስካሁን አልተፈቀደላቸውም።