በሬ ሲያልቅ ዶማ፦ የጓሯችን ታሪክ ምን ያስተምረናል?

 

ዛሬ ስለ ማዳበሪያ መጠን አልጽፍም፤ ስለ ጓሮ ታሪክ ነው። ምክንያት አለኝ። ሰሞኑን አንድ አባት ቤት ሄጄ ስለ ጓሮ አትክልት ማውራት ስጀምር፣ «ልጄ፣ እሱን ለባለቤቴ ንገራት፤ ለእኔ የስንዴውን ነገር ንገረኝ» አሉኝ። ተሳሳቅን፤ ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ብዙዎቻችን ጓሮን የሴትና የልጅ ሥራ፣ ለወጥ ማጣፈጫ ብቻ አድርገን ነው የምናየው። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይልም።

እስቲ ወደ 1880 ዓ.ም. እንመለስ። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ዘመን ነው። ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። በሽታው ከሰሜን ተነስቶ አገሩን አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይነገራል። በዚያ ላይ ድርቅ መጣ፣ አንበጣና ተምች መጣ። (ደስታ ራሱ ዛሬ የለም፤ በክትባት ብርታት እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል።)

አሁን አስቡት። መሬቱ አለ፣ ዝናቡ ሲመለስም አለ፣ በሬ ግን የለም። በበሬ ማረስ ብቻ የለመደ ገበሬ በሬው ሲሞት እጁ ታሰረ። በእጅ መቆፈር ደግሞ እንደ ውርደት ይታይ ነበር። ለዚህ ነው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ ተብሎ የተጻፈው። ንጉሥ ከቆፈረ ማን ያፍራል?

ጓሮ ማለት እኮ ይኸው ነው። በሬ አይጠይቅም። ዶማ፣ የቤት አመድና ፍግ፣ ትንሽ ውኃ ይበቃዋል።

ከክፉ ቀን ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክ አለ፤ የድንች። ድንች ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ነው። ያስገባው ዊልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ እንደሆነ ይነገራል። ሰውየው ትግራይ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሮ እዚያው አድዋ ነው ያረፈው። ታዲያ ድንቹ እንደገባ ተስፋፋ እንዳይመስላችሁ። ለብዙ ዓመታት እምብዛም ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በደጋው ገበሬ ዘንድ ቦታ ማግኘት የጀመረው ከዚያ ረሃብ በኋላ ነው። በሦስትና በአራት ወር ከመሬት ተቆፍሮ የሚበላ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሰው ያወቀው ሲርበው ነበር።

በርበሬም እንግዳ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? በርበሬ፣ ቲማቲምና ድንች ሦስቱም የአሜሪካ ምድር ተወላጆች ናቸው። ከ550 ዓመት በፊት የነበሩ አባቶቻችን ወጣቸውን ያለ በርበሬ ነው የበሉት።

የሐበሻ ጎመን ግን የራሳችን ነው። ከጥንት ጀምሮ በደጋችን ሲለማ የኖረ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲጎድል፣ እህሉ ገና ሳይደርስ፣ ቤተሰብ የሚያሻግረው ማን ነው? ጎመን አይደል? «ጎመን በጤና» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ዘሩም ቢሆን እናቶቻችን ወቅጠው ምጣድ ያሰሱበታል።

ጓሮ ደስታ ብቻ ነው ብዬ አላታልላችሁም። እኔ ራሴ ሥራ እንደጀመርኩ በተከራየሁት ቤት ጓሮ ሐምሌ ላይ ቲማቲም ብቻ ሞልቼ ተከልኩ። ባለሙያ ነኝ ብዬ! በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ እንደ ተቃጠለ ጠቁሮ አለቀ። ጎረቤቴ የሆኑ እናት ግን ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ጥቂት ድንችና ጤና አዳም ቀላቅለው ነበር። ድንቻቸው ቢመታም ጎመናቸውን እየቀጠፉ እኔንም አበሉኝ። አፈርኩም፣ ተማርኩም። ያው በሽታ ነው እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንች ማሳ ላይ ወርዶ፣ ከድንች ሌላ የሚበላው የሌለውን ድሃ ሕዝብ ያስራበው። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። እኚያ እናት የጎመን ዘራቸውን ከእናታቸው ነው የወረሱት፤ በጨርቅ ቋጥረው ከጭስ በላይ ሰቅለው ያኖሩታል። ብዙ ቤት ግን ይህ ቋጠሮ ጠፍቷል። «ገበያ ላይ ይገዛል» ብለን ተውነው። ጥቅል ጎመን ጥሩ ነው፣ ገንዘብም ያመጣል፤ ግን በአብዛኛው አካባቢያችን በቀላሉ ዘር አይሰጥም። በየዓመቱ መግዛት ነው። ዘሩ ቢወደድ ወይም ገበያው ቢዘጋስ? አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ የአገር ዘር የሚጠበቅበት ማዕከል አለ። ለእናንተ ግን የቅርቡ ባንክ ጓሯችሁ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ እነዚህን አድርጉ፦

1. ከቤት ጀርባ ትንሽ ቦታ በእሾህ እጠሩ። የጓሮ የመጀመሪያ ጠላት ዶሮና ፍየል ናቸው።

2. ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቀላቅሉ። ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታ ይጋራሉ፤ አንዱን በሌላው ቦታ ተከታትላችሁ አትትከሉ። በመሀል ጎመን ወይም ሽንኩርት አስገቡ።

3. ሳሙና ያልነካው የአትክልትና የእህል እጣቢ አይደፋ፤ ለጓሮ ነው። በበጋ ጠዋት ወይም ማታ አጠጡ።

4. ከሐበሻ ጎመናችሁ ጥሩ ጥሩዎቹን መርጣችሁ ጥቂቱን ቅጠሉን ሳትቀጥፉ ለዘር ተዉ። ቆባው ቢጫ ሲሆን፣ ሳይፈነዳ ቁረጡት፤ አድርቃችሁ ወቅታችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩ። ለጎረቤትም ቆንጥሩ፤ የእናንተ ቢጠፋ ከእሱ ትወስዳላችሁ።

ያ አባት «ለባለቤቴ ንገራት» ላሉት መልሴ ይኼ ነው፦ አባቴ፣ ለእርሷ ነገርኳት፤ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። አሁን ዶማውን እርስዎ ያንሱ። የአያቶቻችን ትውልድ የድንችን ጥቅም ያወቀው ክፉ ቀን ከመጣ በኋላ ነው፤ እኛ ግን ቀድመን እናውቃለን።

ቸር ይግጠመን!